የአብዱልወሀብ ቤት

ጽጌሬዳ ያንን ቤት ያገኘችው ሰው ሁሉ አፉን በጨርቅ በሸፈነበት ዓመት፣ ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ ገበያ አጠገብ ነው። አብዱልወሀብ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው የሚሸጡት። ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከጓሮ ሦስት ክፍል።

«ፊቱን እኛ እንኖርበታለን፣ ጓሮውን እናከራያለን። የባንኩን ዕዳ ኪራዩ ይችልልናል» አለችው ባሏን ዱካሞን በስልክ። ዱካሞ እናቱን ሊጠይቅ ሆሳዕና ሄዶ፣ በረራ ተዘግቶበት እዚያው ቀርቷል። ስምንት ዓመት ሙሉ ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር፣ ከሱቃቸው ጀርባ፣ ከዱቄት ጆንያ ጋር ነው የተኙት እኮ!

«ሳያመልጥሽ ያዢው! ማናሴን ይዘሽ ሂጂ» አላት። ማናሴ የአገሩ ልጅ፣ ሚዜው ነው።

ከዚያ የዱካሞ ስልክ ዝም አለ።

«ኔትወርክ ነው፣ እህቴ» አላት ማናሴ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ነገሩ ከዚህ ወዲያ አላማረም፣ ልጆቼ። አብረዋት የሚያመልኩት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከዋትስአፕ ግሩፓቸው አስወጧት። የማናሴ ሚስት ፊቤ «ብቻሽን አትደሪ» ብላ ፍራሿን ተሸክማ መጣች። ስልክ ሲጮህ ከጽጌሬዳ ቀድማ ታነሳለች።

እነማናሴን «የቤቱ ፊርማስ?» ስትላቸው፣ «እስከ ቅዳሜ ታገሺ» ነው መልሱ።

ሐሙስ ከታክሲ ውስጥ ሆና ምን ብታይ ጥሩ ነው? የማናሴ መኪና እዚያው ቤት በር ላይ! ማናሴና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ከአብዱልወሀብ ጋር ክርን ለክርን ይሰነባበታሉ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አለች በሆዷ።

ማታ ፊቤን ያዘቻት። «ባልሽ ቤቴን ሊቀማኝ ነው፣ አይደል? ባሌ የለም ብላችሁ ነው?»

ፊቤ ማስኳን እስከ ዓይኗ ሳበችው። «እስከ ቅዳሜ ብቻ፣ ጽጌ።» ድምጿ ተንቀጠቀጠ።

የሌባ ድምፅ መቼም ይታወቃል፣ አለች ጽጌሬዳ በልቧ።

አርብ ጠዋት ፊቤ ገላዋን ስትታጠብ ጽጌሬዳ ሹልክ ብላ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ምን ብላ እንደምትሰድባቸው ስታሰላስል ሄደች። የአብዱልወሀብን በር በመዳፏ ደበደበችው።

«አንክል! ቤቴን ለማናሴ ሸጡብኝ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ።

«የምን መሸጥ፣ ልጄ! የባልሽ ሐዘን እስኪወጣልሽ ድረስ ለማንም እንዳልሰጥብሽ ለምነውኝ ሄዱ እንጂ።»