ሳይነገር የከረመ መርዶ

ደግሰው የሚስቱን የታይቱን ልብ ይፈራል።

ልጃቸው ተስፋው ጦር ሜዳ መሞቱን ከሰማ ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት ቀን ሆኖታል። የነገረው አብሮት የዘመተው ባንተአምላክ ነው፤ ሐምሌ ሰባት ቀን፣ ሰቆጣ ገበያ ዳር። ደግሰው ጮኾ አላለቀሰም። ባንተአምላክን በማርያም ስም አስማለው።

"ለታይቱ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፤ እኔ መስማቴንም። ትሞትብኛለች።"

ከዚያ አራት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ጋዝጊብላ ቤቱ ገባና እራቱን በላ።

መርዶ የሚነገረው በሽማግሌ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ይመጣል፤ መርዶ የሚረዳውን ሰው ግራና ቀኝ የሚደግፍ አብሮ ይቆማል። ደግሰው ያንን ማለዳ ነበር ወደፊት የሚገፋው። በመጀመሪያ አዝመራው ይግባ አለ። አዝመራው ገባ። ገና ይለፍ አለ፤ ቀጥሎ ጥምቀት ይለፍ አለ። ዐቢይ ጾም ያዘ፤ በጾም ጉልበቷ እንዴት ትችለዋለች? ፋሲካም አለፈ።

ፍርሃቱ ያለ ነገር አልነበረም። በነሐሴ ሁለቱም ድካም ድካም ብሏቸው ሰቆጣ ወርደው ሐኪም ዘንድ ታይተው ነበር። ሐኪሙ የሁለቱንም ደረት አዳመጠ። ከዚያ ታይቱን ለብቻዋ አስቀርቶ ብዙ አነጋገራት። ስትወጣ ዐይኗ ቀልቷል።

"ምን አለሽ?" አላት።

"ምን ይላል፣ ድካም ነው አለ። ድንጋጤ ጥሩ አይደለም አለ።"

ደግሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ መቅዳቱን ከእጇ ወሰደ። ወንዶቹ ሳቁበት፤ ዝም ብሎ እንስራ ተሸከመ። ታይቱ ደግሞ እንጨት መፍለጡን ለጎረቤት ልጆች ሰጠችበት። ግትር ሴት ናት።

መስከረም ላይ ባንተአምላክ ሊጠይቃቸው መጣ። ታይቱ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘችው። ደግሰው ደጅ ቆሞ ጠበቀ፤ የዋርካው ጥላ ሦስት እርምጃ እስኪሄድ ድረስ አልተመለሰችም። ስትመጣ ግን ፊቷ የረጋ ነበር። ልጁ መሐላውን ጠብቋል፣ አለ በልቡ።

ከዚያ ወዲህ የታይቱ ወሬ ተለወጠ። ስለ ዘርና ስለ ከብት ታወራ የነበረችው ስለ ነፍስ ማውራት ጀመረች። ቅዳሜ ቅዳሜ የነፍስ አባታቸው ዘንድ ትሄድና የሰማችውን ይዛ ትመጣለች። አንዳንዴም ዳቦ ጋግራ ቤተ ክርስቲያን ትወስዳለች፤ ማኅበሯ በሃያ አንድ ሆኖ ሳለ በስምንትም በዐሥራ ሰባትም። ቀን ጠፋባት፣ አረጀች፣ ብሎ አዘነላት።

"አንተ ሰውዬ፣ ወንድ አያለቅስም ያለህ ማነው?" ትለዋለች።

"ማንም አላለኝ። የሚያስለቅሰኝ የለም።"

"አባ ሲናገሩ፣ ሰው እንባውን ከዋጠው ወደ ልቡ ነው የሚወርደው አሉ።"

"የአባ ልብ ሰፊ ነው፤ የኔ ጠባብ ነው። ተይኝ፣ ልረፍበት።"

አትተወውም። በነገታው ሌላ ታመጣለች።

"ከጎረቤትህ ከደሞዝ ጋር ታረቅ። በአንዲት ድንበር ስድስት ዓመት ተኳርፎ መኖር ምንድን ነው? ክፉ ቀን ሲመጣ ማን ይደግፍሃል?"

"ሰባት ዓመት ነው" አለ ደግሰው።

ግን ታረቀ። ክፉው ቀን ሲመጣ ታይቱን የሚደግፍ ሰው ስለሚያስፈልግ ታረቀ። መቆጣትም ተወ፤ በትንሽ በትልቁ ትደነግጣለች ብሎ። አገሩ "ደግሰው በስተርጅና ሰው ሆነ" አለ። እሱ ግን ደክሞት ነበር። ቤቱ ውስጥ ትንፋሹን እንኳ እየመጠነ ነው የሚያወጣው። ማልቀስ ሲያምረው ሰቆጣ ይወርዳል፤ ከከተማው በላይ ካለ ገደል ሥር ተቀምጦ አልቅሶ፣ ፊቱን ታጥቦ ይመለሳል።

"ሰቆጣ በሄድክ ቁጥር ዐይንህ ለምን ይቀላል?" አለችው አንድ ቀን።

"አቧራው ነው።"

"አቧራዋ ስሟ ማነው?"

 ሴት ይዟል ብትልም ይሻላታል፣ አለ ደግሰው በልቡ።

"ሆድህ ውስጥ ያለውን አውጣው" አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ምንም ይሁን፣ እኔ አልቆጣም። ቀለል በል እንጂ።"

ወጥቶ በሬዎቹን ውሃ አጠጣ። ጠጥተው የመጡ በሬዎች ነበሩ።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ተናገረ። ቄሱ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

"ንገራት። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ልጄ።"

"ትሞትብኛለች፣ አባ።"

"በንስሐ የሰማሁትን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ላቀብል አልችል። የቤታችሁን ሸክም ብቻዬን ተሸክሜ ወገቤ ጎበጠ።"

ደግሰው መስቀሉን ተሳልሞ ወጣ። አባም ደክመዋል፣ አለ።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሐሙስ ግን አልቻለም። ታይቱ ቁርሱን አቅርባ፣ አንዴ ሳትጎርስ ሲበላ ስታየው ቆየች። መክሳቷን ያን ጊዜ አስተዋለ። ተነሥቶ ካሤ ቤት ሄደ። በአካባቢው መርዶ የሚያረዳው ካሤ ነው፤ ከሃያ ቤት በላይ አርድቷል። ደጁ ላይ ሞፈር ሲጠርብ አገኘው።

"ካሤ፣ ከእንግዲህ ጉልበት የለኝም" አለው። "ተስፋው ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ደብቄ ከረምኩ። እሑድ ማለዳ ሰው ይዘህ ናልኝና ንገሩልኝ።"

ካሤ መጥረቢያውን መሬት አስቀመጠ። 

"ለማን?" አለ።

"ለታይቱ ነዋ! ለማን ይሆናል? ቀስ አድርጋችሁ፤ ልቧ አይችልም።"

ካሤ ከተቀመጠበት ጉቶ ላይ ተነሥቶ ክንዱን ያዘው።

"እሑድማ ተይዟል፣ አያ ደግሰው፤ ታይቱ አንተን እንድናረዳላት የቀጠረችን ያን ማለዳ ነው።"