ውጤቱ የተነገረ ዕለት

ይህ ውሸት ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው! ሳሎናችንን ለሞሉት ጠያቂዎች እንዲህ እያልኩ ነበር፦

“የትርንጎን የማህፀን በር ካንሰር ውጤት ሲነግረን ሐኪሙን ራሱን ላብ አጠመቀው። እኔ ግን ሚስቴን ደግፌ ‘ደረጃው ስንት ነው?’ አልኩት። ‘አንደኛ’ ሲለኝ ‘እንግዲያው ትድናለች!’ ብዬ ቁርጡን ነገርኩት። እጄን ሊስም ምንም አልቀረው!”

“ጋሼ፣ የነገውን ቀዶ ጥገናም እርስዎ ነዎት የሚሠሩላት?” አለች ጎረቤታችን ስንዱ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ትርንጎ ግን አልሳቀችም። “አንተ እኮ ገና የሐኪሙ ክፍል በር ላይ ራስህን ስተህ ወድቀህ ነበር” አለችኝ ቀስ ብላ። “ለብቻዬ ነው የሰማሁት።”

“ደረጃው ግን አንደኛ ነው!” አልኩ።

“ሐኪሙ ያለኝ ሁለተኛ ነው። አንደኛ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ እንደገና እንዳትወድቅብኝ ብዬ።”