የፀጉር ቤቱ ሰሌዳ

በዋናው ጎዳና ላይ ያሉትን የድሮ ሕንፃዎች ታሪክ በእብነበረድ የሚቀርጸው እሱ ነው። የፖስታ ቤቱን፣ የሲኒማ ቤቱን፣ የሰዓት ማማውን ሰሌዳ በእጁ ሠርቷል። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት በአባቱ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ እሱ ያልሠራው፣ ትናንት ያልነበረ ሰሌዳ ሲያይ ደሙ ፈላ። «በዚህ ቤት ለሃምሳ ዓመት ፀጉር ሲያስተካክሉ የኖሩት ሰው ሥራ ላይ እንዳሉ አረፉ» ይላል። ከሥሩ የተጻፈው ቀን የዛሬው ነው።

«አባባ፣ ይሄን ማን ለጠፈው?» እያለ ገባ።

አባቱ የአንድ ደንበኛ ማጅራት ይላጫሉ። «ምኑን?» አሉ።

«ማዘጋጃ ቤቶቹ ናቸዋ! ቤቱን አልለቅም ስላሏቸው በቁምዎ ሊቀብሩዎት ነው!»

«ታዲያ እኔ ላይ ምን ያስጮህሃል? ሄደህ ንቀለው! ደግሞ ቀስ በል፣ የሰው አንገት ይዣለሁ።»

ደንበኛው ሳቀ። ልጁ አልሳቀም። መሮና መዶሻውን ይዞ ወጣ፤ «ዓይን አውጣ ሁላ!» እያለ ሰሌዳውን ፈንቅሎ ጣለው።

ግድግዳው ቢጫ ነው። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ከአባቱ ጋር የቀቡት ነው፤ አባቱ ሰፊ ሰፊውን፣ እሱ በትንሽ ብሩሽ ጠርዝ ጠርዙን። ሰሌዳው የነበረበት ቦታ ግን ከዚያ በፊት የነበረው አረንጓዴ ነው። ቢጫው አረንጓዴውን አልነካውም። በአራቱም ጠርዝ፣ በትንሽ ብሩሽ፣ በጥንቃቄ ዞሮታል።

መዶሻውን እንደያዘ ቆመ።

«አባት?» አለ ደንበኛው ከውስጥ። «ምነው ዝም አሉ?»