የኢብቲሳም የፊት ጥርስ

ሻፊ መሰላል ላይ ወጥቶ እጁን እስከ ክርኑ የጣሪያው አሸንዳ ውስጥ ከቷል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ያጠራቀመውን ጭቃና ቅጠል በጭብጡ እያወጣ፣ በጣቱ እያሻሸ ወደ ግቢው ይጥላል። ሮቤ ገበያ ቆርቆሮና አሸንዳ መሸጥ ከጀመረ አሥር ዓመቱ ነው። አሸንዳ ይህን ሁሉ ጉድ እንደሚሸከም ግን ገና ዛሬ ማወቁ ነው።

የሚፈልገው የልጁን ጥርስ ነው።

የስድስት ዓመቷ ኢብቲሳም ከመሰላሉ ሥር ቆማ ሽቅብ ታየዋለች። ከትናንት ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰችለትም። ቁርሷን ሲሰጣት በላች፣ ጫማዋን ሲያስርላት እግሯን ዘረጋችለት። አፏን ግን ዘጋችበት።

እናቷ ፈርዶሳ ጎባ ሆስፒታል ልትወልድ ስትሄድ፣ የኢብቲሳም የታችኛዋ የፊት ጥርስ ትወዛወዝ ነበር። "እኔ ሳልመጣ ከወለቀች አስቀምጪልኝ፤ አብረን ጣሪያ ላይ እንወረውራታለን" ብላ ለልጇ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ለሻፊ አልነገረችውም፤ ምጥ ይዟት ማን ያስታውሳል! ጥርሷ ወለቀች። ልጅቷም በሶፍት ጠቅልላ ትራሷ ሥር ደበቀቻት።

ትናንት አልጋ ሲያነጥፍ አገኛትና ክው አለ። የሻፊ አንዷ የፊት ጥርስ በሌላዋ ላይ ተደርባ ነው የበቀለችው። እናቱ፣ አላህ ይዘንላትና፣ "አጨዳ ላይ ሆነን ረሳናት፤ የወለቀች ጥርስህ ቤት ውስጥ አድራ ነው" ትለው ነበር። ይኸው ሱቅ ከፍቶ፣ ሚስት አግብቶም፣ ሲስቅ እጁ ወደ አፉ ይሮጣል። ታዲያ የልጁ ጥርስ ቤት ውስጥ ማደሯን እያየ ዝም ይበል? እየሮጠ ወጥቶ፣ እንደ ወጉ ወፏን "አሮጌውን ውሰጂ፣ አዲሱን ስጪ" ብሎ ወረወራት። ቆርቆሮው ላይ ኳ ኳ እያለች ስትንከባለል ሰማት፤ ደስም አለው። ዞር ሲል ኢብቲሳም በሩ ላይ ቆማለች። "ከእማ ጋር ልንወረውራት ነበር እኮ ያስቀመጥኳት!" አለችው፤ ከዚያ ወዲያ ዘጋችው።

ፈርዶሳ ደግሞ ዛሬ ከእህቷ ጋር ትመጣለች።

"አንተ ሻፊ! ምን ጠፍቶህ ነው በጠዋቱ?" አሉ ጎረቤቱ እማማ ወለተኢየሱስ ከአጥሩ ማዶ።

"ጥርስ ነው እማማ። የኢብቲ ጥርስ።"

ነገራቸው። እስኪበቃቸው ሳቁበት። ኢብቲሳም የአሸንዳው ውሃ የሚወርድበትን በርሜል ልታይ ወደ ጓሮ ስትሄድ ጠብቀው ወደ አጥሩ ተጠጉና፣ "አይ የኔ ሞኝ! ጥርስሽ ናት ብለህ አንዲት የበቆሎ ፍሬ ሰጥተህ አትገላገልም? ልጅ ምን ታውቃለች" አሉት።

"ኧረ ይተዉኝ እማማ" አለና ፍለጋውን ቀጠለ። እጁ አንዲት ነጭ ጠጠር ይዞ ወጣ። ትንሽ፣ ለስላሳ፣ በአንድ በኩል ሸረፍ ያለች። ቁርጥ ጥርስ! በጭብጡ ደብቆ ወረደ።

ኢብቲሳም እየሮጠች መጣች። "አባ፣ አገኘሃት?"

ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። አዎ ቢላት ሁሉም ነገር ያልቃል፤ ታወራዋለች፣ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች። ዓይኖቿን አየ፤ አላስቻለውም። ጭብጡን ዘረጋ።

"ጠጠር ናት" አለ። "ላታልልሽ ነበር። ጥርስሽን አላገኘኋትም። ሳልጠይቅሽ ወረወርኳት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እንደኔ እንዳትሆኚብኝ ፈርቼ ነው።" በርከክ ብሎ ለማንም የማያሳየውን ጥርሱን አሳያት።

ኢብቲሳም ጠጋ ብላ አየችው። በጣቷም ነካ አደረገችው።

"ያምሃል?"

"አያመኝም።"

"ለእማ ግን አንተ ንገራት" አለችና ፊቷን አዞረች።

ወዲያው የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። ፈርዶሳ እህቷ ደግፋት፣ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ወረደች። "ኮቱ፣ ነይ ልጄ፣ ወንድምሽን እዪ!" ስትል ሻፊ ቀደማት። እንኳን አላህ በሰላም አወጣሽ ማለቱ ሁሉ ጠፍቶት፣ "ጥርሷን ጣልኩባት" አለ።

ፈርዶሳ ጭቃ በጭቃ የሆኑትን አባትና ልጅ ተራ በተራ አየች። ሕፃኑ ብርድ ነካውና አፉን በሰፊው ከፍቶ አለቀሰ።

ኢብቲሳም በእግር ጣቶቿ ቆማ ወደ አፉ ውስጥ አጮለቀች። ላይም ታችም አየች። ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች።

"አባ!" አለች፣ "የሱን ደግሞ ሁሉንም ጣልካቸው?"

ፈርዶሳ የሆዷን የቀዶ ጥገና ስፌት ይዛ በሳቅ ተንከተከተች። ኢብቲሳም ሌላ ነገር እንዳይወረውር ነው መሰለኝ፣ የአባቷን ሁለት ጭቃማ እጆች ጥብቅ አድርጋ ያዘቻቸው። ሻፊም በአደባባይ፣ አፉን ሳይሸፍን፣ ሳቀ።