ከሽማግሌዎቹ በፊት

አባት ለሴት ልጁ ነገሩን የገለጠላት ትናንት ነው። "ነገ ከሰዓት እነ ጋሽ ዘርጋው ሽማግሌ ሆነው ይመጣሉ። የልጁ ቤተሰብ ጨዋ ነው፤ እሺ ልላቸው ነው።"

ታለቅሳለች ብሎ ሰግቶ ነበር። እሷ ግን ፈገግ ብላ፣ "እንግዲያው ጠዋት ሲኒማ ልጋብዝህ፣ አባባ" አለችው።

ፊልሙ የችሎት ነው። ያለፈቃዷ የተዳረች ልጅ ባሏን ከሳለች። አባቷ፣ አጎቷና ባሏ ተራ በተራ እየቆሙ "ለወግ ለማዕረግ አበቃናት" ይላሉ። በመጨረሻ ጠበቃዋ ተነሣችና፣ "እናንተስ እርስ በርስ ተጠያይቃችኋል። እሷን ማን ጠየቃት?" አለች።

አባት ራሱን ረስቶ "አበጀሽ!" እያለ አጨበጨበ። ከኋላው ደግሞ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ "እውነቷን ነው! ይሄ ደግሞ አባት ነው?" ሲል ጮኸ።

መብራቱ ሲበራ አባት ዞር አለ። የጮኹት ጋሽ ዘርጋው ናቸው፤ ከሰዓት ቤቱ የሚጠብቃቸው ሽማግሌ። አብረዋቸው የሚመጡት ሁለቱም ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

"እንዴ! እናንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

"ልጅህ ናት ትኬት የላከችልን" አሉ ጋሽ ዘርጋው፤ አንገታቸውን ደፉ።

ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ጥያቄውን የሚያቀርበው ቆሞ ነው፤ ተቀመጥ ሳይባል አይቀመጥም። ሦስቱም ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። የዞሩት ግን ወደ አባት አልነበረም።

"ልጄ" አሉ ጋሽ ዘርጋው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "አንቺን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል።"

ልጅቱ እንደ አባት ወግ ኮስተር አለች።

"በሉ ተቀመጡ። ከራሴ ጋር ልማከርና ቀጠሮ እሰጣችኋለሁ።"