የጋሪ ነጂዎቹ ጥቁር ገጽ

«ኧረ ቀስ በል! ፊደሉን እየጮህክ አትጥራ!» አለ ወገኔ።

አሳምነው ሃያ አራት ፊደል ያለውን የይለፍ ቃል ጋሪው ላይ ቆሞ እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንባል። አጠገቡ ያለችው ሎሚ ሻጭ ግማሹን ሸምድዳዋለች።

«ስልኬ አልቀበል ቢለኝ ነዋ!»

«አይቀበልህማ! ጣትህ የወይራ ዱላ ነው። ወዲህ በለው።»

ወገኔ ስልኩን ተቀብሎ ጻፈና መለሰለት። ገጹ ጠቆረ፤ ጥግ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። በ2010 ዓ.ም.፣ ዳንግላ መናኸሪያ በር ላይ፣ የጋሪ ነጂዎቹ ምስጢራዊ ቡድን እንዲህ ሥራ ጀመረ።

ወገኔ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል የተወው «ፈረስ ከአስተማሪ ይሻላል፤ የሚራገጠው ምክንያት ሲኖረው ነው» ብሎ ነው። ጥቁሩን ገጽ ያስተማረው ስልክ ጠጋኙ ሳሊሕ ነበር። ሰርቨር በሚሉት፣ ሩቅ አገር ባለ የማይጠፋ ኮምፒውተር ላይ በዘመዱ በኩል ጥግ ተከራየላቸው። ፎቶ የለ፣ ድምፅ የለ። ትእዛዙን በፊደል ይጽፋሉ፣ በይለፍ ቃል ይገባሉ፣ የት የት ደንብ አስከባሪ እንደቆመ ይነጋገራሉ። ከዚያ በፊት የፌስቡክ ቡድን ነበራቸው፤ ደንብ አስከባሪዎቹ ራሳቸው እየገቡ «እንደምን አደራችሁ» ሲሉ ነው የተዘጋው።

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ጋሪ አስፋልት እንዳይወጣ ከተከለከለ ወዲህ ወገኔ ሁለት ጊዜ ተይዟል። በሦስተኛው ጋሪው ይወረሳል፤ ግንባረ ነጩ ፈረሱ ቦራ ደግሞ ደንብ አስከባሪዎቹ ግቢ ይታሰራል። ቦራ እንግዳ ሰው የሰጠውን አይቀምስም። ሁለት ቀን ቢታሰር ምን እንደሚሆን ወገኔ ማሰብ አይፈልግም።

ስለዚህ ጥንቃቄ አበዛ።

«ማንም ተነስቶ አይገባም። እያንዳንዱ አባል ዋስ ያምጣ። ደመወዝ ያለው፣ የመንግሥት ሠራተኛ!»

ለቤት ኪራይ ዋስ፣ ለሥራ ዋስ፤ ለምስጢርማ እንዴት ይቀራል? ቅጹን ራሱ አረቀቀው፦ ስም፣ ቀበሌ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የይለፍ ቃል፣ የዋስ ፊርማና ማህተም። «ዓላማ» ከሚለው ፊት «መረዳዳት» ብሎ ጻፈ፤ ምስጢር ነዋ። እንደ ማንኛውም ውል በሦስት ቅጂ ተሞላ። አንዱን አባሉ ያዘ፤ አንዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ከጋሪው ወንበር ሥር ገባ።

ጋሪ ነጂ ደመወዝተኛ እንደ ልብ አያገኝም። ሁለቱ ባልደረቦቹ አሳምነውና ምህረቴ ግን በማግስቱ አስፈርመው መጡ። ፊርማው የዶሮ ጭረት ነው። ወገኔ ያየው ማህተሙን ነው፤ ደብዝዟል፣ ክብ ግን ነው። እሱ መሥራች ስለሆነ ዋስ አላስፈለገውም።

ቅጹን ሳይሞላ የመለሰው ሳሊሕ ብቻ ነው።

«የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ አልጽፍም። ዋስም አላመጣም።»

«የምትፈራው ነገር አለ?»

«አዎ፣ ወረቀቱ።»

አንድ ሳምንት ሰላም ሆነ። በሁለተኛው ነገሩ ተበላሸ። «ወፍጮ ቤቱ ጋ ማንም የለም» ተብሎ በተጻፈ በሩብ ሰዓት ደንብ አስከባሪዋ እህተማርያም ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆማ ትገኛለች። አሳምነው ሆዱን እንዳመመው በጥቁሩ ገጽ የጻፈ ዕለትማ መንገድ ላይ አስቁማ «ሆድህ ተሻለህ?» አለችው።

ሦስቱ ከመናኸሪያው ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ።

«የሳሊሕ ሱቅ አስፋልቱ ላይ ነው» አለ አሳምነው።

«ደንብ አስከባሪ ሁሉ ስልኩን እሱ ጋ ነው የሚያሠራው» አለ ምህረቴ።

«ዋስ አላመጣም!» አለ ወገኔ። ክርክሩ በዚህ አበቃ።

ሳሊሕ ተባረረ። «ኧረ ሰርቨሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ!» ቢልም «ለእሱ እናመሰግናለን» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። የይለፍ ቃሉ ወደ አርባ ፊደል አደገ። ቅጹም በሦስት ቅጂ ታደሰ፤ ዋሶቹ ሳያንገራግሩ በዕለቱ ፈረሙ።

እህተማርያም አሁንም ቀድማ ትደርሳለች።

«ይሄ ሳሊሕ በጓሮ በር ነው የሚገባው» አለ ወገኔ፤ የይለፍ ቃሉን ስልሳ አደረሰው። ቅጹ ታደሰ። አሳምነው በየጠዋቱ ለመግባት ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ጀመር።

ቅዳሜ፣ የገበያ ዕለት፣ ወገኔ ድንች ጭኖ ጻፈ፦ «በእንጅባራ መውጫ ልሻገር ነው። ቦራ ደክሞታል፤ ስሻገር ሸንኮራ እገዛለታለሁ፣ ነፍሱ ነው።»

«መንገዱ ጥርት ያለ ነው» አለ ምህረቴ።

«ማንም የለም» አለ አሳምነው።

የቦራ የፊት እግሮች አስፋልቱን እንደረገጡ እህተማርያም ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ወጣች። በአንድ እጇ ልጓሙን ያዘች፤ በሌላው የተላጠ ሸንኮራ ዘረጋች። ቦራ አሸተተና ከእጇ በላ።

ወገኔ ከጋሪው ዘሎ ወረደ።

«ሳሊሕ ነው አይደል የነገረሽ?»

«የቱ ሳሊሕ? ስልክ ጠጋኙ? እሱማ የሰው ስልክ ሲሠራ እንኳ አንገቱን አዙሮ ባለቤቱን በይለፍ ቃል የሚያስከፍት ሰው፣ ምን ይነግረኛል?»

«ጋሪውን ውሰጂው፣ እህት ዓለም። ፈረሴን ግን እንዴት ላስፈታው?»

«ዋስ ታመጣለሃ። ደመወዝ ያለው።»

«እኔ ጋሪ ነጂው ደመወዝተኛ ከየት አውቄ?»

«ምን ያስጨንቅሃል ወገኔ፣ እኔ እፈርምልሃለሁ፤ ለአሳምነውም ለምህረቴም የምፈርመው እኔው አይደለሁ? ሦስተኛዋን የዋስ ቅጂ ብቻ እንደ እነሱ ቶሎ አምጣልኝ።»