የየትናየት ቁጣ

ለክቡራን አሽከርካሪዎች በሙሉ፦ ከመስከረም ወር ጀምሮ በመኪና ውስጥ ቁጣ ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን በታላቅ ደስታ እናበስራለን።

ከዚህ አዋጅ ወዲህ በየመኪናው ቴፕ ላይ የተገጠመው የፋብሪካ ማለስለሻ የተቆጣ ድምፅ ሲያገኝ አለስልሶ ነው የሚያሰማው።

ጋሽ አስራደ መኪናውን በቴፕ ሠሪው በናሁሰናይ ደጃፍ አቁሞ በሩን በረገደው።

"ስማማ" አለ።

አምና የሞተችው ሚስቱ የትናየት የተወችው የድምፅ መልእክት ነበር፤ ድምፅዋ የቀረው መኪናው ቴፕ ውስጥ ብቻ ነው። ከስፒከሩ እንደ ባንክ አስተናጋጅ የለዘበ ድምፅ ወጣ፦ "ውዴ፣ ዳቦ ይዘህ ብትመጣ ደስ ይለኛል።"

"በዕድሜዋ 'ውዴ' ብላኝ አታውቅም። ይሄን ማለስለሻ ቆርቆሮ ንቀልና ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ግጠምልኝ።"

"ጋሼ፣ አስነቅለህ ከተያዝክ መኪናህን ይወርሱታል።"

"ይውረሱት። እሷን ግን አይወርሷትም።"

ናሁሰናይ እያጉረመረመ የፋብሪካውን ማለስለሻ ነቅሎ አዲሱን አምፕሊፋየር ገጠመ። መኪናው በየትናየት ድምፅ ተንቀጠቀጠ።

"አንተ ዝንጉ፣ ዛሬም ያለ ዳቦ ና፤ በሩን የሚከፍትልህን አያለሁ።"

ናሁሰናይ ሳቁ አመለጠው። "ለዚህ ስድብ ነው መኪና የምታስወርሰው? ምን አገኘህበት?"

ጋሽ አስራደ መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊት እያየ ነበር።

"አልነግርህም" አለ። "ድገመው።"